ድምፁን «ተጠየቅ!» በሉት



ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ባለንብረቶች፣ ጋራዥ ገብታችሁ ሙያ በመልመድ ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ የመጣሁት ስለ አንድ ድምፅ ልነግራችሁ ነው። መኪናችሁ ጉድጓድ ሲገባ፣ ፍሬን ስትይዙ ወይም ከቆመበት ሲነሣ ከሥራችሁ «ኳ!» ስለሚለው ድምፅ። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውሃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ ለወረደ፣ ከዚያም ድልድዩን ተሻግሮ በጋላባትና በዶካ ገዳሪፍ ለገባ ሰው ይህ ድምፅ እንግዳ አይደለም። ሬዲዮ ከፍ አድርጎ የሚሸፍነው አለ። ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆን አለ። ጋራዥ ወስዶ «እግሩን በሙሉ ቀይሩልኝ» ብሎ ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ፣ በነጋታው ያው ድምፅ እዚያው ጉድጓድ ላይ የሚጠብቀውም አለ። እኔ የምቆረቆረው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ገንዘቡም ሄደ፣ ድምፁም ቀረ።

ያመመውን ሳይለዩ አለመቀየርን በደንብ ያስተማረችኝ፣ መካኒክ ሆኜ የሠራሁባት ሀዋታ ናት። ሀዋታን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከገዳሪፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትሄዱ ራሃድ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ከሰናር ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት የገበያ ከተማ ናት። ራሃድ የሚሉት ወንዝ የኛው ነው፤ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋችን ተነሥቶ፣ በቆላው ሽንፋ እየተባለ ወርዶ፣ ሱዳን ሲገባ ስሙን ይለውጣል። ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይደርቃል። ሜዳው ዓይን እስኪታክት ማሽላና ሰሊጥ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከኛ አገር ወደዚያ የሚሻገረውን የቀን ሠራተኛ ብዛት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ጭናችሁ የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እጃችሁን ብትሰዱበት እስከ ክርን ይውጠዋል። በኸሪፍ፣ ሱዳኖቹ ክረምቱን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ትራክተር በጭቃው ላይ የቀደደው ቦይ ጥቅምትና ኅዳር ላይ እንደ ጡብ ደርቆ ይቀራል። መኪና ሰሊጥ ጭኖ በዚያ ላይ ሲሄድ አራቱ እግሮች በአንድነት አይወጡም፣ በአንድነት አይወርዱም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይመታል። በዚያ ላይ መለዋወጫ እንደ መርካቶ ከደጃፍ አይገኝም። መለዋወጫን «እስቤር» ይሉታል፤ «እስቤሩ ገዳሪፍ ነው» ከተባለ መንገዱ ደረቅ ከሆነ ቀናት፣ ጭቃ ከሆነ ሳምንት መጠበቅ ነው። እዚያ ቦታ ላይ መካኒክ በግምት መቀየር አይችልም። ያመመውን ለይቶ ማወቅ ግዴታው ነው።

አባቶቻችን ዛፍ ሥር ተሰይመው ሲሟገቱ ባላጋራቸውን «ተጠየቅ!» ይሉት ነበር። መጀመሪያ ይጠየቃል፤ ፍርዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ጋራዥ ግን ፍርዱ ይቀድማል። መኪናው ገና ከበር ሲገባ «አሞርዛተር ነው» ይባላል፤ አሞርዛተሩ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ ተፈርዶበት ይወልቃል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ፈርጃለሁ። አንድ ገበሬ የከፈለኝ ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ድምፁን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ነው የምትለው?» የሚለው ነው። «የት ነህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በቦታ ጉዳይ ጆሮ ይታለላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል፤ በብረት ውስጥ ወደ 5,000 ሜትር። ከኋላ ግራ እግር የተነሣ ምት በሻንሲው ላይ ሮጦ ፔዳሉ አጠገብ ይወጣል። ሾፌሩ «ፊት ቀኝ ነው» ብሎ ይምላል። አልዋሸም፤ የሰማው እዚያ ነው። ጊዜን ግን ብረት አያዛባውም። ፍሬን ሲያዝ የተንኳኳ ነገር፣ በየትም በኩል ይሰማ፣ የተንኳኳው ፍሬን ሲያዝ ነው።

ከቆመበት ሲነሣ አንዴ «ኳ»፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አንዴ «ኳ» ካለ፣ ከሥር አንድ ነገር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሄደ ነው ማለት ነው። የባሌስትራው ዓይን ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፤ አክሱሉን ከባሌስትራው ጋር ጠፍረው የሚይዙት ቡሎኖች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በትንንሽ መኪኖች የታችኛው ክንድ ቦኮላ ይሆናል። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ስትለውጡ ብቻ ከሆነ ክሮቸራውን ጠይቁ፤ እሱ የእግር ሥራ ባይሆንም በእሱ ጥፋት ስንት እግር ተፈቷል። ቀስ ብላችሁ በጠጠር ላይ ስትሄዱ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ስታቢላይዘሩን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው አጭር ዘንግ ነው። ዘንጉን ከሁለቱም ወገን ፈትታችሁ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱት፤ ድምፁ ከጠፋ ተገኘ። ኩርባ ላይ መኪናው ከወትሮው ይበልጥ ያዘነብላልና በዚያ ሁኔታ መንገድ አትውጡበት። ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ወፍራም «ዷ» ካለ አሞርዛተሩ ደክሟል፣ ወይም ማሠሪያው ላልቷል፣ ወይም ባሌስትራው ተኝቶ አክሱሉ ከሻንሲው ሥር ካለው የጎማ መከላከያ ጋር እየተላተመ ነው። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር የሚንኳኳ ከሆነ ከቴስቲኒ ጀምሩ፤ ኮሮላንና ቪትዝን በመሰሉት መኪኖች ደግሞ ከአሞርዛተሩ አናት ላይ ያለውን ኩሽኔታ አትርሱ።

ባዶውን ሲሄድ የሚንጓጓ፣ ሲጫን ዝም የሚል መኪናም አለ። ያን ጊዜ ጭነት የሚያጠብቀውን ክፍተት ፈልጉ፤ የባሌስትራው ማንጠልጠያ ፒን የተበላበትን ቦታ። እግሩን ከመንካታችሁ በፊት ግን ከወንበር ሥር ያለውን ክሪክ፣ የተንጠለጠለውን ትርፍ ጎማ፣ የማርሚታውን ማንጠልጠያ፣ የባትሪውን ማሠሪያ አንድ በአንድ በእጃችሁ ነቅንቁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከጭነት ሳጥኑ ሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለ ትርፍ ጎማ ሲላላ የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ዲፈረንሻሉ የተሰበረ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን ላመስግን። አማርኛ ለድምፅ የታደለ ነው። «ኳ» ስንል ብረት ከብረት ተጋጭቷል፣ በመሐሉ ክፍተት አለ። «ጓ» ስንል የተመታው ነገር ባዶ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ታንክ፣ ማርሚታ። «ዷ» ክብደት አለበት። «ሲጥ ሲጥ» የደረቀ ጎማ ነው፤ በጠርሙስ ውኃ አፍስሱበት፤ ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ከተለወጠ ራሱን አጋልጧል። (ዘይትና ግራሶ ግን ጎሚኒ ላይ አትቀቡ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል።) ስለዚህ ሾፌሩ ድምፁን በአፉ ሲያወጣ የምትስቁ ልጆች፣ አትሳቁበት። ጠጋ ብላችሁ «እንደገና በለው እስቲ» በሉት። በዚያች ቅጽበት ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጥ መረጃ እየሰጣችሁ ነው። ጣሊያን ባሌስትራ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ የሚሉ ቃላት ትቶልናል፤ መተማን ስትሻገሩ ባሌስትራው «ያይ» ይሆናል። ስሙ ይለወጥ እንጂ ሀዋታም ላይ «ኳ» ያው «ኳ» ነው፤ ከሱዳኖቹ ሾፌሮች ጋር በመጀመሪያ የተግባባነው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ጆሮ ነበር፤ ሁለተኛው ዓይን ነው። ከሥር ግቡና የሚያበራ ብረት ፈልጉ። ከሥር ያለ ብረት ሁሉ አቧራ ለብሷል ወይም ዝጓል። በዚያ መሐል አንድ ጥፍር የምታህል ቦታ ተፍቃ እንደ አዲስ ሳንቲም ካበራች፣ እዚያ ሁለት ነገር እየተፋተገ ነው። ከቡሎን ራስ ሥር እንደ በርበሬ ቀይ የዝገት ዱቄት ተንጠባጥቦ ካያችሁ ያ ቡሎን ላልቷል። አሞርዛተሩ ላይ አቧራው ረጥቦ ጥቁር ጭቃ ከሆነ ዘይቱ ወጥቷል። በሀዋታ ይህን ለማየት መጀመሪያ ዋልካውን ማውረድ ያስፈልጋል፤ በባሌስትራው ቅጠሎች መሐልና በቸርኬው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻውን መኪናውን ያንቀጠቅጣል፤ ያንን በእግር በሽታ የሚያሳብብ አለ።

ሦስተኛው እጅ ነው፤ ለእኔ ታላቁ ምስክር እሱ ነው። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ሩብ ዙር ያህል ያወዛውዝ። ሌላው መዳፉን ቴስቲኒው ላይ ያሳርፍ፤ ጣት ሊያጣብቅ በሚችል ክፍተት ውስጥ ግን አይክተት። የተበላ ቴስቲኒ መዳፍ ላይ የምትመታ ትንሽ ነገር አለችው፤ እንደ ደም ሥር ትር ትር ትላለች። አንዴ ከዳሰሳችኋት ዕድሜ ልካችሁን አትረሷትም።

ጎማውን ማንሣት ካስፈለገ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በጉማጅ አግዱ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፤ ይህን እለምናችኋለሁ። ዋልካ ላይ ክሪክ ይሰምጣል፤ ሀዋታ ላይ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ሳናነጥፍ አንሥተን አናውቅም፤ ሻንሲውንም በግንድ እንደግፋለን። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተነቃነቀ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ተረግጦ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ወይም የመንኮራኩሩ ፒን ነው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ወደ መሪው ዘንጎች ሂዱ። ስፕሪንጉ የተቀመጠው በታችኛው ክንድ ላይ ከሆነ ክሪኩን ከዚያው ክንድ ሥር አድርጉት፤ ያለዚያ ስፕሪንጉ ቦል ጆይንቱን ጨምቆ ይዞት የተበላው ደህና ይመስላል።

አሁን የሀዋታን ነገር ልንገራችሁ።

የሰሊጥ ጊዜ ነበር። አንድ የሀዋታ ገበያ ነጋዴ ፒክ አፕ አለው፤ ሾፌሩ ከአርማጭሆ የመጣ የኛ ልጅ ነው። «ፊት ቀኝ ይንኳኳል» አለኝ። ሌላ ቦታ ወስደውት የፊቱ አሞርዛተሮች ሁለቱም ተቀይረዋል፤ ያበሩ ነበር፤ ቀለማቸው እንኳን አልተጫረም። ለመግዣው ሰሊጥ ተሸጧል። ነጋዴው ከጎኔ ቆሞ አይናገርም፤ ዝምታው ግን ይከብድ ነበር። ልጁን «መቼ?» አልኩት። አሰበ። «ስነሣ አንዴ፣ ፍሬን ስይዝ አንዴ» አለ። ጉድጓድስ? «ጉድጓድ ላይ ብዙም አይደለም።»

ጉድጓድ ላይ ብዙም ካልሆነ አሞርዛተሩ ምን አድርጎ ነው የተፈረደበት?

ማታውን ዘንቦ ነበር። ከጋራዡ ፊት ያለው ሜዳ ውኃውን ጠጥቶ፣ ፊቱ እንደ ተመረገ ግድግዳ ለስልሷል። ልጁን ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ሃያ እርምጃ ያህል እንዲነዳ ነገርኩት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ዱካውን አየሁ። ዋልካ ዱካ ሲቀበል እንደ ወረቀት ነው፤ የጎማው ጥርስ አንድ በአንድ ይጻፍበታል። የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ ረግጦ መሄድ አለበት። በአንዳንድ መኪና የኋላው ጠበብ ይላል፤ ችግር የለውም፣ በግራም በቀኝም እኩል ከጠበበ። የዚህ መኪና ግን በግራም በቀኝም የኋላው ዱካ ከፊቱ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ነበር፤ ሦስት ጣት ያህል። መኪናው እንደሚያነክስ ውሻ ወገቡን አጣሞ ነው የሚሄደው። ገመድ አምጥተን ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት በሁለቱም ጎን ለካን። የግራው በሁለት ጣት አጠረ።

ከሥር ገባሁ። ኋላ ግራ። የባሌስትራውን ቅጠሎች መሐል ለመሐል ወግቶ የሚይዘው ቡሎን ተቆርጧል። የዚህ ቡሎን ራስ አክሱሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ አክሱሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ መሐሉን የሚያሳየው እሱ ነው። አጥብቀው የሚይዙት ደግሞ በግራና በቀኝ እንደ በቅሎ እርካብ የታጠፉት ሁለቱ ረጃጅም ቡሎኖች ናቸው። የእነርሱ ዳዶ በኪያቤ ሳልጨነቅ ዞረልኝ። እነርሱ ሲላሉ ጭነቱ ሁሉ በዚያች በቀጭኗ ቡሎን ላይ ወደቀ፤ ቆረጣት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር አክሱሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል። «ኳ» የሚለው እሱ ነበር፤ ሾፌሩ ከሰማበት ማዕዘን ፍጹም ተቃራኒ በሆነው ማዕዘን ላይ።

«ባሌስትራ ጨምራችኋል?» አልኩት። ጨምረዋል። ከአጨዳው በፊት ሰሊጥ እንዲሸከም አንድ ቅጠል አስገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ቡሎኑን ማን አጠበቀ? ማንም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረታችን ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል። አዲስ የገባ ባሌስትራ በጭነት ይተኛል፤ ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ፣ በመሐላቸው ያለው ቀለምና ዝገት ይፈጫል፤ ቡሎኑ ሳይዞር መጥበቁን ያጣል። ስለዚህ ባሌስትራ የነካ ሰው ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ማጥበቅ አለበት፤ ከጎንደር ገዳሪፍ ደርሶ መልስ ማለት ነው። የተለጠጠውን አሮጌ እርካብ መልሳችሁ አትሠሩበት። የጎማ ቦኮላ ያለበትን ቡሎን ደግሞ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ መጨረሻ ድረስ አታጥብቁ፤ መኪናው በእግሩ ቆሞ፣ ክብደቱ ወርዶበት ይጥበቅ። ያለዚያ የቦኮላው ጎማ ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ ሳይሰነብት ይቀደዳል።

ቡሎኖቹ ከገዳሪፍ መጡ። ዋጋቸው ከአንድ አሞርዛተር ያንስ ነበር። ነጋዴው ዱካውን ባየንበት ቦታ መኪናውን እንደገና አስነድቶ፣ እሱም እንደ እኔ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወዲያ አዲስ መኪና ሊገዛ ሲል ጭቃ ላይ ሳያስነዳ አይገዛም ነበር።

«መንገዱ ነው እንጂ መኪናው ምን ያድርግ» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ጠጠር መንገድ እንደ ቆርቆሮ የሚሸበሸበው በራሱ በመንኮራኩሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ጎማ በአሸዋ ላይ ደጋግሞ በማዞር አሳይቶታል፤ ከተወሰነ ፍጥነት በታች አሸዋው ሜዳ እንደሆነ ይቆያል፣ ከዚያ ሲያልፍ ሽብሽቡ ይነሣል። በዚያ ሽብሽብ ላይ ጎማው በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ይመታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ምት እንደሚሆን አስሉት፤ ያልጠበቀ ቡሎን የሚፈታው በዚህ ነው።

ስለ ጎሚኒ አንድ ነገር። ከአሮጌ ጎማ ጎሚኒ ቆርጠው የሚሠሩ እጆች አሉ፤ እኔም ሠርቻለሁ፤ ለባሌስትራ ዓይን እስቤር እስኪመጣ ያሻግራል። ቦል ጆይንትና ቴስቲኒ ግን ሌላ ነገር ናቸው። የተበላ ቦል ጆይንት በብየዳ አይሞላም። በቆርቆሮ አይጠበብም። ሲወጣ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ መሪው በእጃችሁ ይቀራል። ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር ስትወርዱ ያ ቢሆንስ? የሱዳኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከተነሣ ወዲህ በጋላባት በኩል ወደ መተማ የሚሻገረውን ሕዝብ አይታችኋል። ፍራሽ፣ ድስት፣ አሮጊት፣ ሕፃን በአንድ ፒክ አፕ ላይ። ያንን የጫነ ሾፌር ፊት እግሩ «ኳ» እያለ «እስክደርስ ይቻለኛል» ሲል ሰምቻለሁ። ደግነቱን ከልቤ አከብራለሁ። ነገር ግን ወንድሜ፣ አቁመውና ከሥሩ ግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። እነዚህ ሰዎች እስከ ድንበሩ ድረስ ብዙ ነገር አልፈው ነው የመጡት።

እንግዲህ በአፍ ያለኝን ተናግሬአለሁ፤ የቀረው በእጅ ነው። ስገባ በር ላይ አንድ ነጭ ፒክ አፕ ቆሞ አይቻለሁ፤ ስታቆሙት «ኳ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ክሪክ፣ ሳንቃና ሁለት ጉማጅ ተዘጋጅቷል። መሪ የሚያወዛውዝልኝ አንድ ልጅ፣ ፍሬን የሚረግጥ አንድ ልጅ ይምጣ። ባለመኪናው ማን ነው? አንተ ነህ? ና እስቲ ወዲህ፣ ወንድሜ። መቼ ነው የሚለው?